"ሪዞሉሽን ወጣለት" ማለት ሕግ ወጣለት ማለት ነው እንዴ?

ቴክሳስ ውስጥ አንድ ተማሪ በሩጫ ሻምፒዮን ይሆንና የስቴቱ ምክር ቤት "ሪዞሉሽን" አጸደቀለት ይባላል። ሰው ግር ይለዋል። ገንዘብ ተመደበለት? ኧረ የለም። የእንኳን ደስ ያለህ ወረቀት ነው፣ የሕግ ልብስ የለበሰ። ቁጥር አለው፤ አጻጻፉም ልክ እንደኛ አዋጅ መግቢያ "…በመሆኑ፣ …በመሆኑ" እያለ ድሉንና ልፋቱን፣ አንዳንዴም አሰልጣኙንና ወላጆቹን ሳይቀር ይደረድርና መጨረሻ ላይ "ስለዚህ ምክር ቤቱ እንኳን ደስ ያለህ ይላል" ብሎ ይዘጋል። የሰፈሩ ተወካይ ያቀርበዋል፣ 150 አባላት ያሉት የታችኛው ምክር ቤት ብቻውን ያጸድቀዋል። አገረ ገዢው አይፈርምበትም። ክርክር የሚባል ነገር ብዙም የለም፤ ከሌሎች መሰሎቹ ጋር በጅምላ ያልፋል። ለልጁ አንድ ቅጂ ይዘጋጅለታል። ያንን እናትየው ፍሬም አስገብታ ሳሎን ትሰቅለዋለች፣ ምን ታድርግ!