የሃዝማት ሬጂስትሬሽን ምንድን ነው? «ሃዝማት አለኝ» ለሚሉ ሁሉ

«ሃዝማት አለኝ።» ይህችን አባባል የማልሰማበት ሳምንት የለም። ሃዝማት ማለት እንደ ነዳጅና ቀለም ያለ፣ በመንገድ የሚጓጓዝ አደገኛ ዕቃ ነው። ሥራዬ አሜሪካ ውስጥ ትራክ ለሚነዱ ወገኖቻችን ወረቀት ማስተካከል ነው። ስልክ ይደወላል። ጥሩ ሎድ (ጭነት) ተገኝቷል፤ ጭነቱን የሚያገናኘው ብሮከር ግን የሃዝማት ሬጂስትሬሽን ላክ ብሏል። እሺ፣ ላክልኝና ልየው እላለሁ። የሚመጣልኝ የሲዲኤል፣ ማለትም የትራክ መንጃ ፈቃድ ፎቶ ነው። ሃዝማት መንዳት እንደተፈቀደለት የምታሳየው «ኤች» የምትለዋ ፊደል በቀይ ተከብባለች። «ይኸው፣ ሃዝማት አለኝ» የሚል ከሥሯ ተጽፏል።

ይኼ ሬጂስትሬሽን አይደለም።

እስካሁን ለጠየቀኝ ሁሉ በየግሉ ሳስረዳ ኖሬያለሁ። በቅርቡ ግን አንድ ሰው በቪዲዮ ሲያስተምር ሰማሁ። «ሲዲኤልህ ላይ ኤች ካለች ጨርሰሃል። ሬጂስትሬሽን የሚሉት የትልልቅ ካምፓኒዎች ጣጣ ነው። አንድ ትራክ ይዘህ አትጨናነቅ» ይላል። የሚያመሰግነው ሰው ብዛቱ! እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ነገ ዌይ ስቴሽን (የትራክ መመዘኛና መፈተሻ ጣቢያ) ላይ የሚቆመው ይህን ሰምቶ የጫነው ሰው ነው፣ አስተማሪው አይደለም።

ኤች የምትናገረው ስለ ሰውየው ነው። ፈተና አልፏል፣ አሻራ ሰጥቷል፣ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ቲ.ኤስ.ኤ. ማንነቱን አጣርቷል ማለት ነው። ከፌብሩዋሪ 2022 ወዲህ አዲስ የሚያወጣ ሰው ከፈተናው በፊት ትምህርትም መውሰድ አለበት። ያለፈበት ሁሉ ያውቀዋልና አልደግመውም። ሬጂስትሬሽን ግን የሚናገረው ስለ ካምፓኒው ነው። የሚሰጠውም በፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሥር ያለ፣ ፊምሳ የሚባል ክፍል ነው። ቲ.ኤስ.ኤ. አይደለም። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ዲ.ኤም.ቪ. አይደለም። ለትራክ ካምፓኒዎች የዲ.ኦ.ቲ. (የመለያ) ቁጥር የሚሰጠው ኤፍ.ኤም.ሲ.ኤስ.ኤ.ም አይደለም። ፈተና የለውም፣ አሻራ የለውም፣ መጥቶ ትራካችሁን የሚያይ ሰውም የለም። ቅጽ ትሞላላችሁ፣ ትከፍላላችሁ፣ ቁጥር ያለው ሰርተፊኬት ይመጣል። በቃ።

«ታዲያ ምንም ካልፈተነ ምን ይሠራል?» ይሉኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን ደግሞ እኛ ከማንም ቀድመን ልንረዳው የምንችለው ነው፤ ነገሩ እድር ነውና።

እድር ሐዘን ሳይመጣ የሚዋጣ ገንዘብ ነው። ድንኳኑ የሚገዛው ሰው ከሞተ በኋላ አይደለም። የፊምሳም ገንዘብ እንደዚሁ ነው። አደገኛ ዕቃ ከሚጭኑትም ከሚያስጭኑትም በየዓመቱ ይሰበሰባል። ከዚያ ለየስቴቱ ይከፋፈላል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ይሠለጥኑበታል፣ ከተሞች የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ያወጡበታል። በየትራኩ የምታዩት ብርቱካንማ የአደጋ ጊዜ መመሪያ መጽሐፍም የሚታተመው ከዚሁ ገንዘብ ነው። መነሻው በ1990 የወጣ ሕግ ነው። በአንዲት ትንሽ ከተማ ያለ በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሌሊት ተጠርቶ የተገለበጠ ቦቴ ጋ ሲደርስ፣ መጀመሪያ ከየት በኩል መቅረብ እንዳለበት እንዲያውቅ ነው ይህ ሁሉ። ለዚህ ሲባል የሚከፈል ገንዘብ አይቆጨኝም። ደንበኞቼም ሲከፍሉ ቅር እንዳይላቸው ይህን ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ።

በእድሩ ልቀጥል። ወጥ በመሥራት ሰፈሩ የሚያውቃት ሴት አለች እንበል። ድግስም ሐዘንም ሲሆን እሷ ትጠራለች። ስሟ መዝገቡ ላይ ከሌለ ግን እድርተኛ አይደለችም። ሙያዋ ሌላ፣ መዝገቡ ሌላ። ኤች ሙያችሁ ናት፤ ሬጂስትሬሽን መዝገቡ ነው። ደግሞ እድር የሚመዘገበው በቤት ነው። አባወራው ወይም እማወራዋ ይከፍላሉ፣ ቤተሰቡ በዚያ ይሸፈናል። ልጆች ለየብቻቸው አያዋጡም። ካምፓኒም እንደዚሁ ነው። አንድ ትራክ ይኑረው ሃምሳ፣ ምዝገባው አንድ ነው። ተቀጥሮ የሚነዳ ሾፌር አይመዘገብም።

ግራ መጋባቱ ከየት እንደሚመጣ አሁን ይታያችኋል። አብዛኛው ሰው የሚጀምረው በሊዝ ነው። ትራኩ የራሱ ነው፣ የሚሠራው ግን በሌላ ካምፓኒ አውቶሪቲ (የማጓጓዝ ፈቃድ) ሥር ነው። ሕጉ ስለዚህ ሰው በግልጽ ተናግሯል። ሊዙ 30 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከሆነና ካምፓኒው የተመዘገበ ከሆነ፣ ኦነር ኦፕሬተሩ (ባለ ትራኩ ሾፌር) እንደ ካምፓኒው ሠራተኛ ይቆጠራል። ራሱን ማስመዝገብ የለበትም። ስለዚህ ዓመት ሁለት ዓመት ፕላካርድ (በትራኩ ጎን የሚለጠፍ የአደገኛ ዕቃ ምልክት) ለጥፎ ሲነዳ የሚጠይቀው የለም። ወረቀቱ ካምፓኒው በሰጠው ባይንደር ውስጥ አለ፤ ገልጦም አያየውም። እሱ የሚያስታውሰው ለኤች የለፋውን ልፋት ነው። ከዚያ የራሱን አውቶሪቲ ያወጣል። ጎጆ ወጣ ማለት ነው። ጎጆ የወጣን ልጅ ደግሞ የአባቱ እድር አይሸፍነውም።

አንድ ደንበኛዬ የተያዘው እንዲህ ነው። አውቶሪቲውን ካወጣ ሦስተኛ ወሩ ነበር። የጫነው ቀለም ነው። ባለ 55 ጋሎን በርሜሎች፤ የዕቃው መለያ ቁጥር ዩኤን 1263፣ የአደጋው ዓይነት ክላስ 3 (ተቀጣጣይ ፈሳሽ)። ቀዩ ፕላካርድ በአራቱም ጎን ተለጥፏል። የጭነት ወረቀቱ በሾፌሩ በር ኪስ ውስጥ ነው፤ ቀበቶ ታስሮ እጅ በሚደርስበት ቦታ፣ ልክ ሕጉ እንደሚለው። ሁሉን ነገር አስተካክሎ ነበር የወጣው። ዌይ ስቴሽን ላይ ግባ ተባለ። ኢንስፔክተሩ የጭነት ወረቀቱን አየ፣ ሲዲኤሉን አየ፣ ዞሮ ፕላካርዶቹን አየ። ከዚያ ተመልሶ የሃዝማት ሬጂስትሬሽኑን ጠየቀው። ልጁ እንደገና ሲዲኤሉን ዘረጋለት። ኢንስፔክተሩ በጣቱ ወደ ጎን ገፋ አደረገው።

ያን ጊዜ ደወለልኝ። «ኧረ እህቴ፣ ሃዝማት እንዳለኝ አንቺ ታውቂያለሽ አይደል? በናትሽ ንገሪልኝ!» ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። «ሬጂስትሬሽን አውጥተሃል ወይ?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «በፊት የነበርኩበት ካምፓኒ እኮ አለው» አለኝ።

እዚያው ቆሞ ኦንላይን በካርድ ከፈልን። ሰርተፊኬቱ ወዲያው መጣ። ግን ከዚያች ሰዓት በፊት ሳይመዘገብ የነዳውን አያጠፋለትም። ሪፖርቱ ላይ ተጻፈ። ገና ሦስት ወር የሆነው ካምፓኒ መዝገብ ላይ የመጀመሪያው ነገር ይኼ ሆነ። እኔን የሚያበሳጨኝ ይህ ነው። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ሕግ የሚሸሽም አይደለም። «ሃዝማት አለኝ» የምትለዋ ቃል ናት ያሳሳተችው።

እና ያ በቪዲዮ የሚያስተምረው ወንድማችን «የትልልቅ ካምፓኒዎች ጣጣ» ሲል ይህን ልጅ ነው የማየው። ሕጉ ስንት ትራክ አለህ ብሎ አይጠይቅም። ምን ጫንክ፣ ስንት ጫንክ ነው የሚለው። ትልቅነትና ትንሽነት የሚመጣው ክፍያው ላይ ብቻ ነው። ትንሽ ቢዝነስ በዓመት 250 ዶላር፣ ትንሽ ያልሆነው 2,575 ዶላር ይከፍላል። በሁለቱም ላይ 25 ዶላር የማስኬጃ አለ። አንድም አምስትም ትራክ ያለው የኛ ሰው ትንሽ ቢዝነስ ነው። ስለዚህ 275 ዶላር። ክፍያ ሊለወጥ ይችላልና ከመክፈላችሁ በፊት የፊምሳን ገጽ እዩ። ደግሞ በዚያው በፊምሳ ገጽ በኩል ብቻ ክፈሉ። አዲስ አውቶሪቲ ያወጣ ሰው ስልክ ላይ «መንግሥት ነን» እያሉ የሚደውሉ ብዙ ናቸው፤ ሳያስፈልገው ያስከፈሉት ሰው አጋጥሞኛል።

ለአብዛኞቻችሁ የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ ነው። ይህ ጭነት ፕላካርድ ግዴታው ነው ወይ? ከሆነ፣ ለራሱ እርሻ የሚሠራ ገበሬ ካልሆናችሁ በስተቀር፣ ምዝገባ አለባችሁ። ሌሎች መነሻዎችም አሉ። አንዱ 3,500 ጋሎንና ከዚያ በላይ የሚይዝ ታንክ ነው፤ እዚያ ላይ የሚታየው የታንኩ አቅም እንጂ ውስጡ ያለው መጠን አይደለም። ፈንጂ፣ ሲተነፈስ የሚገድል መርዝና ከባድ ጨረር ያለው ጭነት የራሳቸው መስፈርት አላቸው። ለነሱ ከሬጂስትሬሽን በላይ ሴፍቲ ፐርሚት የሚባል ከባድ ፈቃድ ይጠየቃል። እሱን የሚሰጠው ኤፍ.ኤም.ሲ.ኤስ.ኤ. ነው። ሴፍቲ ፐርሚት የሚያስፈልገው ሰው መመዝገብም አለበት፤ የተመዘገበ ሰው ሁሉ ግን ሴፍቲ ፐርሚት አያስፈልገውም። ይህንንም የሚያደባልቅ ሞልቷል።

«1,001 ፓውንድ ካልሞላ ከፕላካርድ ነጻ ነህ» የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። በትልቅ ታንክ እስካልተጫነ ድረስ፣ ለክላስ 3፣ ለክላስ 8 (እንደ አሲድ ላለው) እና ለመሳሰሉት ልክ ነው። 4.3 የሚባለው፣ ውኃ ሲነካው አደገኛ የሚሆነው ዕቃ ግን አንድ ሳጥን ቢሆንም ፕላካርድ ይፈልጋል። ክላስ 9 ደግሞ ግልባጩ ነው። ሙሉ ትሬለር የሊቲየም ባትሪ ብትጭኑ፣ አሜሪካ ውስጥ ለሚጓዝ ጭነት የክላስ 9 ፕላካርድ ግዴታ አይደለም። ስለዚህ ባትሪው ብቻውን ለምዝገባ አያደርስም። ብሮከሩ ለባትሪ ሬጂስትሬሽን ከጠየቀ፣ ያ የብሮከሩ ፍላጎት ነው እንጂ የሕጉ አይደለም።

ስለ ቦቴ ማንም አልጠየቀኝም፣ ግን ሳልናገር አላልፍም። ነዳጅ ያራገፈ ቦቴ ባዶ አይደለም። ታጥቦ ትነቱ እስኪወጣለት ድረስ ፕላካርዱ አይነሳም። አገር ቤት በጅቡቲ መስመር ቦቴ የነዳችሁ ይህን ከኔ በላይ ታውቃላችሁ።

እድሩ የማይሠራበትም ቦታ አለ፤ እሱንም ልንገራችሁ። እድር ለአባሉ ይደርሳል። የእሳት አደጋ መኪና ግን ተመዘገባችሁም አልተመዘገባችሁም ይመጣል። እድር ሲደርስባችሁ ይከፍላችኋል፤ ፊምሳ ምንም አይከፍላችሁም። ሬጂስትሬሽን ኢንሹራንስ አይደለም። እንዲያውም ሃዝማት ስትጀምሩ ኢንሹራንሱም ይለወጣል። ለተራ ጭነት ሕጉ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ሽፋን 750,000 ዶላር ነው። እንደዚያ ቀለም ላለው ሃዝማት 1 ሚሊዮን ይሆናል፣ ለአንዳንዱ ጭነት 5 ሚሊዮን ይደርሳል። 1 ሚሊዮን አለኝ የሚል ሰው ውሉ ላይ ሃዝማት የሚያስቀር አንቀጽ መኖር አለመኖሩን ያንብብ። ከተጨነቀ ወኪሉን በጽሑፍ ይጠይቅ።

የራሳችሁ አውቶሪቲ ካላችሁ የሃዝማት ሥልጠናውም የእናንተው ነው። አሠሪውም ሠራተኛውም እናንተ ናችሁ። በየሦስት ዓመቱ መታደስ አለበት፣ መዝገቡም ፋይል ውስጥ መቀመጥ አለበት። ኤች ይህንንም አትተካም።

ቀኑን አትርሱ። የአገራችን የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 እንደሚጀምር ሁሉ፣ የፊምሳም ዓመት የሚጀምረው በጃንዋሪ አይደለም፤ ጁላይ 1 ተጀምሮ ጁን 30 ያልቃል። በሜይ ወር ብትመዘገቡ የሙሉ ዓመት ትከፍላላችሁ፣ ጁን 30 ግን ያበቃል። «እንግዲያውስ ጁላይ ይድረስና እመዘገባለሁ» ብሎ በሜይ መጫን ደግሞ ያለ ምዝገባ መጫን ነው። በአንድ ቅጽ እስከ ሦስት ዓመት መክፈል ይቻላል። የማስኬጃዋ 25 ዶላርም አንዴ ብቻ ትከፈላለች። ለሚረሳ ሰው የምመክረው ይህን ነው። ሰርተፊኬቱን ሦስት ዓመት ማስቀመጥ ግዴታ ነው።

በሊዝ ያላችሁትም ሊዛችሁን እዩ። የ30 ቀኑ ነገር ቀልድ አይደለም። ለአንድ ሳምንት ወይም ለአንድ ጉዞ ብቻ ተብሎ የተፈረመ ሊዝ ያንን ከለላ አይሰጣችሁም።

ያ ደንበኛዬ ባለፈው እንደገና ደወለ። ሁለተኛ ትራክ ገዝቷል። «እህቴ፣ ለዚህኛውም ልመዝገብ?» አለኝ። የለም አልኩት። ምዝገባው የካምፓኒህ ነው፣ ትራክ በጨመርክ ቁጥር አይጨመርም። ግን ወረቀቱ በእያንዳንዱ ትራክ ውስጥ መኖር አለበት። ትሬለሩ ላይ አይደለም፤ ትሬለር ይቀያየራል፣ ሕጉም አይጠይቀውም። የሰርተፊኬቱን ኮፒ በፕላስቲክ አድርገህ ከጭነት ወረቀቱ ጋር በበሩ ኪስ አስቀምጠው አልኩት። ማታ ፎቶ ላከልኝ። የሲዲኤል ፎቶ አልነበረም።