«አፕዴት አርጌዋለሁ፣ በቃ ሰላም ነኝ»፦ ስለ ዎርድፕረስና ድሩፓል ሳይቶች ተሳስተን የምናምናቸው

በዎርድፕረስ ወይ በድሩፓል (ሳይት መስሪያና ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሮች ናቸው) የሰሩት ሳይት ሃክ ተደርጎባቸው የሚደውሉልኝ ሰዎች ሁሌ ተመሳሳይ ነገር ነው ሚሉኝ፣ በስልክ ስደጋግመው ከምኖር አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

«የኔ ትንሽዬ ሳይት ናት፣ ማን ይመጣባታል?»

ማንም ሰው ቁጭ ብሎ እናንተን አይመርጥም እኮ። የሚመጣው ቦት ነው፣ ያገኘውን ሳይት ሁሉ እያንኳኳ ያልተደፈነ ቀዳዳ የሚፈልግ ፕሮግራም። በቀን አስር ሰው ብቻ ቢያያት ለሱ ጉዳዩ አይደለም፣ ሰርቨራችሁን ስፓም ሊልክበት፣ የባንክ አስመሳይ ገጽ ሊያስቀምጥበት ይፈልገዋል።

«ፓቹን ቅዳሜ ሲመቸኝ እጭነዋለሁ»

በጣም ሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ፓች፣ ማለትም ቀዳዳውን የሚደፍነው ማስተካከያ፣ ሲወጣ ኮዱ ለሁሉም ይታያል፣ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የቱ መስመር እንደተቀየረ አየ ማለት ቀዳዳው የት እንደነበረ አወቀ ማለት ነው። ኦክቶበር 15፣ 2014 ድሩፓል 7 ላይ ያለ ምንም ፓስወርድ በዳታቤዙ በኩል ሳይቱን መቆጣጠር የሚያስችል ቀዳዳ ተገኝቶ የሚደፍነው ቨርዥን 7.32 ወጣ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ የድሩፓል ሴኩሪቲ ቡድን ራሱ ምን አለ፣ ፓቹ ይፋ በሆነ 7 ሰዓት ውስጥ ያልጫነ ሰው ሳይቱ ተሰብሯል ብሎ ይቁጠረው። ገደቡ ያለቀው በኢትዮጵያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው፣ ሁላችንም ተኝተን እያለ! ስለዚህ ቅዳሜን መጠበቅ የለም።

«አሁን አፕዴት ስላረኩት ሰላም ነኝ»

ፓች በሩን ይዘጋል እንጂ ቀድሞ የገባውን ሌባ አያስወጣም። እንደውም በዛው በ2014 አንዳንድ አጥቂዎች ከገቡ በኋላ ፓቹን ራሳቸው ጭነውት ነበር፣ ሌላ ሃከር ገብቶ እንዳይሻማቸው፣ እና እናንተ ሳትነኩት ተፓችቶ ካገኛችሁት ደስ አይበላችሁ፣ እሱ ራሱ የመሰበር ምልክት ነው። ዘግይታችሁ ከነበረ የማታውቁት አድሚን ተጨምሮ እንደሆነ እዩ፣ የፎቶ ማስቀመጫው አፕሎድስ ፎልደር ውስጥ የፒኤችፒ ፋይል (ሰርቨሩ ላይ የሚሰራ ኮድ) ምን ይሰራል? ጥርጣሬ ካለ ከጥቃቱ በፊት ወደነበረው ባክአፕ መልሱት፣ እዛው ላይ ወዲያው ፓቹን ጫኑ፣ የዳታቤዙን ጨምሮ ፓስወርዶቹን በሙሉ ቀይሩ።

«ዎርድፕረስ ራሱ ነው ችግሩ»

ዋናው ሶፍትዌር አንዳንዴ ይሳሳታል፣ 2017 መጀመሪያ ላይ ቨርዥን 4.7 እና 4.7.1 ሎግኢን ሳይደረግ የሰው ጽሁፍ መቀየር ያስችሉ ነበር፣ ግን ማስተካከያው 4.7.2 ጃንዋሪ 26 ወጥቶ የቀዳዳው ዝርዝር የተነገረው ፌብሩዋሪ 1 ነው፣ ሰው በአውቶ አፕዴት ቀድሞ እንዲጭን ብለው ነው ያቆዩት። የተጎዳው በአብዛኛው አፕዴቱ ያልተጫነለት ነው፣ ለምሳሌ አውቶ አፕዴቱን ያጠፋው። አብዛኛው ቀዳዳ ሚገኘው ግን ፕለጊን ላይ ነው፣ ሳይቱ ላይ ተጨማሪ ስራ እንዲሰራ የሚጫን ሶፍትዌር ማለት ነው። 2020 ላይ ከ700,000 በላይ ሳይት ላይ የነበረው ፋይል ማኔጀር የሚባለው ፕለጊን ማንም ሰው ሎግኢን ሳያረግ ፋይል እንዲጭን የሚፈቅድ ፋይል ይዞ ተገኘ።

እና «ዲአክቲቬት አርጌዋለሁ» አትበሉኝ፣ ፋይሉ ሰርቨሩ ላይ እስካለ ድረስ በአድራሻው በቀጥታ ሊጠራ ይችላል። ማትጠቀሙትን ፕለጊን ደልቱት።

«ሳይቴ ላይ (ብሮውዘሩ ላይ ከአድራሻው ጎን) የቁልፍ ምልክቷ አለች»

እሷ ምትጠብቀው በጎብኚውና በሳይቱ መሀል መንገድ ላይ ያለውን ዳታ ነው፣ ከቀዳዳ ጋ አትገናኝም።

«ፕሪሚየሙን ፕለጊን በነጻ ከቴሌግራም አወረድኩት፣ ያው አንድ ነው»

አንድ አይደለም። ክራክ ያረገው፣ ማለትም ላይሰንሱን ሰብሮ በነጻ የለቀቀው ሰው ውስጡ የራሱን መግቢያ አስቀምጦ ሊሆን ይችላል፣ ያን መግቢያ ደሞ ማንም ፓች አያወጣለትም። ባይኖር እንኳን ላይሰንስ ስለሌለው አፕዴት አይመጣለትም፣ ቀዳዳ ሲገኝ ሌላው ሰው ሲጭን እናንተ እዛው አሮጌው ላይ ናችሁ። ፕለጊኑን መግዛት ካልተቻለ ከዎርድፕረስ የራሱ ማውጫ ላይ ነጻውን ፈልጉ፣ ቢያንስ አፕዴቱ ይደርሳችኋል።