ጥንድ ቢሾፕ ምንድን ነው? ስንት ቴምፖ ያወጣል?

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር፣ ቼዝ የሚወድ ሰው ይህን መጠየቁ አይቀርም፦ "በፈረሴ ቢሾፑን ወሰድኩበት፤ ግን ሁለት ተራ ባከነብኝ። አተረፍኩ ወይስ ከሰርኩ?"

አንድ ቢሾፕ ከ64ቱ ካሬ የሚደርሰው 32ቱ ላይ ብቻ ነው። ጎጃም ላይ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፤ አንድ በሬ ብቻውን አያርስም፣ መቀናጆ ይፈልጋል። ተጋጣሚህ አንዱን ቢሾፑን ሰጥቶ ያንተ ሁለቱም ሲቀሩ ጥማድህ ሙሉ ነው፤ ጥንድ ቢሾፕ የሚባለው ይህ ነው።

ቴምፖ ደግሞ አንድ ተራ ነው፤ ፈረስ ወይም ቢሾፕ ከቤቱ ለማውጣት የምትከፍለው። (በአገራችን ሰንጠረዥ ይህ ሂሳብ አይሠራም። መጀመሪያ የሚበላ እስኪገኝ ድረስ በወረራው ተራ አይጠበቅም፤ በቢሾፕ ፋንታ ያለው ፊልም የሚዘለው ሁለት ካሬ ብቻ ነው።)

አሜሪካዊው የቼዝ ተጫዋች ላሪ ካውፍማን ብዙ ጨዋታ መርምሮ ጥንዱን በግማሽ ወታደር ገምቶታል። በቆየው ልማድ ሦስት ቴምፖ አንድ ወታደር ያህላል። ስለዚህ ጥንዱ አንድ ቴምፖ ተኩል ያወጣል ማለት ነው። ችግሩ ቴምፖ ቶሎ ይተናል፤ ጥንዱ ግን እስከ መጨረሻው ይቆያል።

ኒምዞ ኢንዲያን የሚባለውን መክፈቻ እንይ። ነጭ በ4ኛው ተራ ንግሥቲቱን ሲ2 ካሬ ላይ ያወጣል፣ ጥቁር ካስል ያደርጋል (ንጉሡን ወደ ጥግ ይደብቃል)። ነጭ ወታደሩን ወደ ኤ3 ይገፋል፣ ጥቁር ሲ3 ላይ ፈረሱን በቢሾፕ ይበላል፣ ንግሥቲቱ ትመልሳለች። አሁን ቁጠር። ነጭ ጥንዱን ይዟል፤ ከቤት የወጣችው ግን ንግሥቲቱ ብቻ ናት፣ ያውም ሁለቴ ተንቀሳቅሳ። ጥቁር ንጉሡን ደብቆ ፈረሱን አውጥቷል።

ወሳኙ ነገር እዚህ ጋ ነው። ክፍት መሃል ለቢሾፕ ይመቻል፤ ቀድሞ ለወጣውም ይመቻል። ጥቁር ወታደሩን ወደ ዲ5 ገፍቶ መሃሉን ወዲያው ከከፈተ፣ ነጭ ንጉሡ መሃል ላይ እያለ ይያዛል። ዘግይቶ፣ ነጭ ካስል ካደረገ በኋላ ከከፈተው ግን ያው መስመር የቢሾፖቹ ይሆናል። ስለዚህ "ስንት ቴምፖ ከፈልኩ?" ብቻ አይበቃም። "መሃሉን አሁኑኑ ሊከፍትብኝ ይችላል?" በል።

ነጭ ቢሾፑን በፈረስ በሚለውጥበት በሩይ ሎፔዝ ልውውጥ፣ ላስከር በ1914 እ.ኤ.አ. ካፓብላንካን ባሸነፈበትና ፊሸር በ1966 እ.ኤ.አ. ሃቫና ላይ ባነሣው መክፈቻ፣ ነጭ ጥንዱን የሚሰጠው ለቴምፖ ሳይሆን የጥቁርን ወታደሮች ለማደራረብ ነው።

እኔ መሃሉ ተዘግቶ ከሆነ ለጥንዱ ሁለት ቴምፖ እከፍላለሁ። ንጉሤ ካልተደበቀና መሃሉ ሊከፈት ከሆነ አንድም አልከፍል።