ደመወዝ 10,000 ብር ነው ሲባል እጅ ላይ የሚደርሰው ስንት ነው?

የሥራ ማስታወቂያ ላይ የምታዩት ደመወዝ አብዛኛውን ጊዜ ያልተጣራው ነው፤ ሰው ግሮስ የሚለው ማለት ነው። እጃችሁ የሚገባው የተጣራው፣ ኔቱ ነው። በመሃል ሁለት ነገር ይቆረጣል፦ የሥራ ግብርና ጡረታ።

በ10,000 ብር እናስላው። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራው ማስከፈያ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለውም። ቀጣዩ 2,000 ላይ 15 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ባለው 3,000 ላይ 20 በመቶ፣ በመጨረሻው 3,000 ላይ 25 በመቶ ትከፍላላችሁ። ሲደመር 1,650 ብር። ጡረታ 7 በመቶ፣ 700 ብር። የሚቀራችሁ 7,650 ብር ነው።

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ጋ ነው። ደመወዜ ቢጨመር ከፍ ያለ መቶኛ የሚከፈልበት የግብር መደብ ውስጥ ገብቼ ጭራሽ እጄ ላይ የሚደርሰው ይቀንሳል ብሎ የሚሰጋ አለ። በፍጹም! ከፍ ያለው መቶኛ የሚያርፈው ከመደቡ ወሰን በላይ ባለችው ብር ላይ ብቻ ነው፣ ከታች ያለው በነበረበት ይቀጥላል፤ ስለዚህ መደብ ስለተቀየረ ብቻ ኔታችሁ አይቀንስም። ጭማሪ ሲመጣ ሳትፈሩ ተቀበሉ።

አሠሪው በበኩሉ ከእናንተ ሳይቆርጥ 11 በመቶ ለጡረታ ያዋጣል። ግን ልብ በሉ፣ ጡረታ የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ፣ ማለትም አበል ሳይጨመርበት ባለው ደመወዝ ነው። ቀጣሪ ደመወዙን ዝቅ አድርጎ አበሉን ከፍ ካደረገው ዛሬ ጥሩ ብር ይዛችሁ ትገቡ ይሆናል፣ የነገ ጡረታችሁ ግን በትንሿ ቁጥር ይሰላል። ውል ከመፈረማችሁ በፊት መሠረታዊው ስንት እንደሆነ ለይታችሁ ጠይቁ።