ትራኮማ፦ ክኒኑ በነጻ ይመጣል፣ ውሃውስ?

ትራኮማ፣ በአገሬው አጠራር የዓይን ማዝ፣ ድህነትን ተከትሎ የሚሄድ በሽታ ነው። ውሃ በራቀበት፣ ሽንት ቤት በሌለበት፣ ልጆች በአንድ መደብ ተደራርበው በሚተኙበት ቤት ይከርማል። አምጪው ባክቴሪያ ነው። በእጅ፣ ፊት በተጠረገበት የነጠላ ጫፍ እና በዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ ይሄዳል። አማራ ክልል በዓለም ላይ ይህ በሽታ በጣም ከጸናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

ክፋቱ መደጋገሙ ነው። በልጅነቱ ደጋግሞ የያዘው ሰው የዓይን ቆቡ በውስጥ በኩል ጠባሳ ያወጣል። ጠባሳው ሲኮማተር ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ዓይኑን እየፈተገ ያቆስለዋል። ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ሕመም ነው። ገጠር ውስጥ ወረንጦ በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚዞሩ እናቶች ያሉት ለዚህ ነው፤ ፀጉሩን ይነቅሉታል፣ መልሶ ይበቅላል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች የሚጎዱትም የልጆቹን ዓይንና አፍንጫ ሲጠርጉ የሚውሉት እነሱ ስለሆኑ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው መፍትሔ አራት ነገር አንድ ላይ ነው፦ የታጠፈውን ቆብ በቀዶ ሕክምና ማስተካከል፣ ፀረ ተሕዋሲያን መድኃኒት መስጠት፣ ፊት መታጠብ፣ አካባቢን ማጽዳት። የበጎ አድራጎቱ እጅ ጎልቶ የሚታየው በመድኃኒቱ ላይ ነው። መድኃኒት አምራቹ ፋይዘር እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ዚትሮማክስ የተባለውን ፀረ ተሕዋሲያን በነጻ ይሰጣል። አማራ ክልል ውስጥ ደግሞ የካርተር ማዕከልና ላየንስ ክለብ የተባሉት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር ሆነው ለዓመታት ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው ማልትራ የተባለ ዘመቻም ወባንና ትራኮማን አንድ ላይ ይዞ ነበር የሚሄደው።

የዘመቻው አሠራር ደስ ይላል። ሚዛን አያስፈልግም። ልጁ ምልክት ከተደረገበት እንጨት አጠገብ ይቆማል፣ ቁመቱ የደረሰበት መስመር ስንት ሚሊ ሊትር ሽሮፕ እንደሚጠጣ ይናገራል። አዋቂው አራት ክኒን እዚያው ሰው ፊት ይውጣል፣ ወደ ቤት ይዞ መሄድ የለም። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይሰጣል። የታመመው ብቻ ሳይሆን ቀበሌው በሙሉ ነው የሚወስደው፤ አንድ ቤት ከቀረ በሽታው ከዚያ ቤት ተነስቶ መንደሩን ይመለስበታልና። ይሄን ሁሉ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚቀሰቅሱትና የሚመዘግቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የሠፈር በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እኔ ትልቁን ምስጋና የምሰጠው ለእነሱ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ሐኪም እስኪመጣ አይጠብቅም። የሠለጠኑ ነርሶች በጤና ጣቢያ፣ በአካባቢ ማደንዘዣ ይሠሩታል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። በሽታውን የምታዛምተው ዝንብ በዋናነት የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ውስጥ ነው፣ ጉድጓድ ውስጥ ያን ያህል አይመቻትም። ስለዚህ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ተራ ሽንት ቤት ራሱ ዓይን ያድናል። ፊት መታጠብም እንደዚሁ። ግን አንዲት ጄሪካን ውሃ ለመቅዳት ረጅም መንገድ የምትሄድ እናት ውሃውን መጀመሪያ ለመጠጥና ለወጥ ነው የምታውለው፣ የልጅ ፊት ተራው መጨረሻ ላይ ነው፣ በዚህ ደግሞ እሷን መውቀስ ነውር ነው። ክኒን በየዓመቱ በነጻ እየታደለ እንኳን ብዙ ወረዳዎች ላይ ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ልጆች የታማሚው ድርሻ ከሚፈለገው 5 በመቶ በታች ሳይወርድ የቆየው፣ በእኔ እምነት በዋናነት ከዚህ የተነሳ ነው። ጦርነቱ ሲጨመርበት ደግሞ ሥራው ጭራሽ ተስተጓጎለ።

ሊጠፋ ግን ይችላል። ሞሮኮ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ጋና በ2018፣ ማላዊ በ2022 የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን አውጥተውታል።

ገጠር ያሉ እናትዎ ወይም አክስትዎ ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ የሚነቅሉ ከሆነ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው። በፕሮግራሙ የሚሰጠው ቀዶ ሕክምና ነጻ ነው። ብሌኑ ጠባሳ ይዞ ከነጣ በኋላ ግን የጠፋው እይታ በዚህ ቀዶ ሕክምና አይመለስም።