ጎንደር ውስጥ ለትንንሽ ልጆች የሚገዙ ጥንቸሎች

ለማዳ ጥንቸል ጎንደር ውስጥ አልፎ አልፎ በገበያ ዳር፣ በሱቅ ደጃፍና በቴሌግራም ማስታወቂያ ለሽያጭ ትቀርባለች። ከፋዩ አባት ወይም እናት ነው፤ ተረካቢው ግን ብዙ ጊዜ ገና ትምህርት ቤት ያልገባ ወይም አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ያለ ልጅ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ እንደ ውሻ አትጮህም፣ ቦታ አትፈጅም፣ ዋጋዋም የበግ ያህል አይደለም። ስለዚህ ለልጅ የምትመች የመጀመሪያ እንስሳ ትመስላለች። አይደለችም። ጥንቸል በአውሬ ስትታደን የኖረች ፍጥረት በመሆኗ ፍርሃቷንና ሕመሟን በዝምታ ትደብቃለች፤ አዋቂ እንኳ ያንን ዝምታ ማንበብ የሚችለው ከተማረው ነው። በደንብ ከተያዘች ከ8 እስከ 12 ዓመት ትኖራለች። ለስድስት ዓመት ሕፃን የተገዛች ጥንቸል ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ አሁንም ድርቆሽ ትፈልጋለች ማለት ነው።

የዱሯና የቤቷ

ባላገሩ «ጥንቸል» ሲል በአብዛኛው የሚያስባት በእርሻ ዳርና በቁጥቋጦ መሀል የምትሮጠውን የዱር ጥንቸል ነው። በካርቶን የምትሸጠው ሌላ ዝርያ ናት፤ የዘር ሐረጓ ከስፔን፣ ከፖርቱጋልና ከደቡብ ፈረንሳይ የሚመዘዝ፣ ጉድጓድ ቆፍራ ከመሰሎቿ ጋር የምትኖር። የዱሯ ልጆቿን ፀጉር ለብሰው፣ ዓይናቸው ተገልጦ ትወልዳለች። የቤቷ ልጆች ግን ራቁታቸውን ይወለዳሉ፤ ዓይናቸው የሚገለጠውም በ10ኛው ቀን ገደማ ነው። ልዩነቱ ለገዢ ይጠቅማል፤ እረኛ ከሜዳ ያመጣት የዱር ግልገል «ትለምዳለች» ተብላ ብትቀርብ መግዛት አይገባም። እንዲህ ዓይነቷ ብዙ ጊዜ በድንጋጤና በተቅማጥ ትሞታለች እንጂ አትለምድም።

ካርቶኑ ውስጥ ያለችው

ግልገሏ ከእናቷ መለየት የሚገባት 8 ሳምንት ሲሞላት ነው። ሻጭ ግን በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሳምንት ማውጣት ይቀናዋል፤ በዚያ ዕድሜ በአንድ መዳፍ ትገባለች፣ ያየ ልጅም አያልፋትም። የእናት ወተት በድንገት ሲቋረጥባትና በምትኩ ጎመንና ዳቦ ሲወረወርላት፣ ገና ያልጠነከረው አንጀቷ ውስጥ ጎጂ ባክቴሪያ ይራባል። ቤት በገባች በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሆዷ ይነፋል፣ ተቅማጥ ይጀምራታል፣ በማግስቱ ትሞታለች። ልጁም ጥፋቱ የእሱ ይመስለዋል፤ እውነቱን በግልጽ መንገር የወላጁ ሥራ ነው።

ገዢ ግልገሏን ከማንሳቱ በፊት ካርቶኑን ይመልከት። በጠጧ ክብ፣ ደረቅና ሽምብራ የምታህል መሆን አለባት፤ ካርቶኑ ወለል ላይ የተለጠፈ እርጥብ ነገር ካለ ከዚያ ካርቶን የትኛዋንም አለመግዛት ይሻላል፣ በሽታው የጋራ ነውና። ቀጥሎ የፊት እግሯን ውስጠኛ ጎን ይይ፤ ፀጉሩ ተጣብቆ ከደረቀ አፍንጫዋን ስትጠርግበት ሰንብታለች፣ ጉንፋን መሰል የመተንፈሻ ሕመም አለባት። ጆሮዋ ውስጥ ቡናማ ቅርፊት ካለ ቅንቅን ነው። ከንፈሯን ገለጥ ሲያደርግ የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ከታችኞቹ ፊት ቀደም ብለው መግጠም አለባቸው። 28ቱም ጥርሶቿ ዕድሜ ልኳን ያድጋሉ፣ የፊቶቹ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ያህል፤ ካልገጠሙ አይፋፋቁም፣ ካልተፋፋቁ ደግሞ ወደ ድድና ወደ ምላስ ይዞራሉ።

«ሁለቱም ሴት ናቸው» የሚለውን የሻጭ ቃል ማመን አደገኛ ነው። በዚህ ዕድሜ ፆታ መለየት ለለመደ እጅ እንኳ ያስቸግራል።

ልጅና ጥንቸል

ትንሽ ልጅ የሚወደውን ነገር ያቅፋል። ጥንቸል ግን ከመሬት ስትነሳ የሚሰማት ጭልፊት የነጠቃት ያህል ነው። በኋላ እግሮቿ በኃይል ትራገጣለች፤ እነዚያ እግሮች ለሩጫ የተሠሩ ጠንካራ ጡንቻ ሲሆኑ አጥንቷ ግን ቀጭንና ስስ ነው። ወገቧ ሳይደገፍ አየር ላይ ስትራገጥ የራሷን አከርካሪ ልትሰብር ትችላለች። መውደቅም አያስፈልጋትም፤ ልጁ ደረቷን ብቻ ይዞ የኋላ አካሏን ካንጠለጠለው ይበቃል። ከዚያ በኋላ የኋላ እግሮቿን እየጎተተች ትሄዳለች፣ ሽንቷንም መቆጣጠር ያቅታታል፤ ከዚህ መዳን እጅግ ጥቂት ነው። ልጁም ሳይጎዳ አይቀርም፤ ጥፍሯ ክንድና ፊት ይቦጭራል።

በጆሮ ማንሳት ፈጽሞ ክልክል ነው። ጆሮዋ በደም ሥር የተሞላና ሙቀቷን የምታወጣበት እንጂ እጀታ አይደለም። በጀርባዋ ስታስተኟት ፀጥ ማለቷም «ተመቻት» አያሰኝም፤ አዳኝ እጅ የገባች ጥንቸል የሞተች መስላ የምትደነዝዝበት ፍርሃት ነው፣ ልቧ በኃይል እየመታ ነው።

ትክክለኛው አያያዝ የአዋቂ ነው፦ አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ ሌላው ከመቀመጫዋ ሥር፣ ሰውነቷ ሙሉ በሙሉ በያዣው ደረት ላይ ተደግፎ። ሲያወርዷትም ቁጢጥ ብሎ የኋላ እግሮቿን በማስቀደም ነው፤ ብዙ ጥንቸል የሚጎዳው ወለሉን አይታ ስትዘል ነው።

ለልጁ የሚሻለው ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ እስክትመጣ መጠበቅ ነው። እጁን ከአፍንጫዋ ፊት ለፊት እንዳይዘረጋ መንገር ያስፈልጋል፤ ዓይኖቿ በጎንና በጎን ስለሆኑ አፍንጫዋ ሥር ያለውን አታይም፣ በጣትና በካሮት መካከል ሳትለይ ትነክሳለች። ከግንባሯ ጀምሮ በጆሮዎቿ መሀል ወደ ጀርባዋ ማሻሸት ትወዳለች። ሆዷን፣ እግሯንና ጅራቷን መንካት አትወድም። በኋላ እግሯ መሬት ስትደበድብ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ጆሮዋን ወደ ኋላ ለጥፋ የዓይኗ ነጭ ሲታይ ፈርታለች። ጥርሷን ለስለስ አድርጋ ማፋጨቷ ደስታ ነው፣ ጎላ አድርጋ እያፋጨች ጥግ ይዛ ከተኮማተረች ግን ሕመም ነው። አንድ ሕፃን ይህን ሁሉ ያነባል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአጥር ውጭ ሆኖ ቢያያት ይበቃዋል። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ያለው አዋቂ አጠገቡ ተቀምጦ ያሻሻት፤ ከአሥር በላይ የሆነው ድርቆሽ መጨመርና ውኃ መቀየር ይችላል፣ ማታ ግን የሚያረጋግጥ አዋቂ ያስፈልጋል።

ምግብ

ካሮት የጥንቸል ምግብ ነው የሚለው ከሥዕል መጽሐፍ የመጣ ነው። ካሮት ስኳር ስላለው በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ፣ አውራ ጣት የምታህል ቁራጭ ይበቃል፤ ቅጠሉ ይሻላታል። ዋናው ምግብ ድርቆሽ ነው፣ ከምትበላው ከአምስት እጅ አራቱን ያህል። በየቀኑ የራሷን ሰውነት የሚያህል ክምር ይቀርብላታል። ድርቆሽ ጥርስ የሚሞርድና አንጀት የሚያንቀሳቅስ ነው፤ ሌላ ምግብ ይህንን አይተካም። አጨዳው ካለቀ በኋላ፣ በኅዳርና ታኅሣሥ፣ አረንጓዴነቱን ያልለቀቀውን መርጦ አንድ ሁለት ጆንያ ገዝቶ በደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ያዋጣል። የሻገተ ድርቆሽ ይጣላል፤ የሻጋታ መርዝ ጥንቸልን በጣም በትንሽ መጠን ይገድላል። የጤፍ ጭድ ለመኝታና ለማኘክ ይሆናል፣ ብቻውን ግን አያኖርም።

ከዚህ ላይ በቀን ሁለት እፍኝ የታጠበና የተራገፈ ቅጠል ይጨመራል፦ ሰርዶ፣ ሰላጣ፣ የካሮት ቅጠል፣ ጥቂት የአበሻ ጎመን። ጥቅል ጎመን ሆድ ይነፋል። በክረምት የሚታጨድ እርጥብ ሣር ተከምሮ ሲያድር ይሞቃል፣ ይቦካል፤ ያንን የበላች ጥንቸል ሆዷ እንደ ከበሮ ይወጠራል። የዕለቱን ሣር በዕለቱ፣ በስሱ ዘርግቶ መስጠት ነው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የድንች ቅጠል፣ አቮካዶና ቸኮሌት መርዝ ናቸው። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቆሎና ብስኩት ልጆች በፍቅር የሚያጎርሷት፣ አንጀቷን የሚያቆሙ ነገሮች ናቸው። የዶሮ መኖም አይሆንም፤ ስታርቹ ይበዛል፣ ለዶሮ የሚደባለቁ አንዳንድ መድኃኒቶችም ጥንቸልን ይመርዛሉ።

ውኃ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ በቀን ከ50 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ትጠጣለች። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለእሷም የሚቀመጥ ጀሪካን መኖር አለበት፣ ውኃ ያጣች ጥንቸል መብላትም ታቆማለችና። ከባድ የሸክላ ሳህን ከፕላስቲክ ይሻላል፣ አትገለብጠውም።

ሌሊት ከፊንጢጣዋ በቀጥታ እየወሰደች የምትበላው ለስላሳ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ኩስ ልጆችን ያስደነግጣል። የተለመደና አስፈላጊ ነው፤ ከዕውር አንጀቷ የሚወጣ ቫይታሚን የበዛበት ምግብ ነው። መከልከል አይገባም።

ቤትና ወቅት

ካርቶን ለሰዓታት ነው፣ ለኑሮ አይደለም። በቂ የሚባለው ስፋት 3 በ2 ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ነው፤ በኋላ እግሯ ስትቆም ጆሮዋ ጣሪያ መንካት የለበትም። ወለሉ ሙሉ በሙሉ ሽቦ ከሆነ ተረከዟ ይቆስላል፤ ጣውላና ጭድ ያስፈልጋል። ቀጭኑ የዶሮ ሽቦ ጥንቸሏን ከማምለጥ፣ ውሻንም ከመግባት አያግድም። ውሻ፣ ድመት፣ ሸለምጥማጥና በከተማው ዳር ጅብ ሌሊት ስለሚዞሩ ቤቷ በብየዳ ሽቦ የታጠረና የሚቆለፍ ይሁን። አውሬው ባይነካት እንኳ ቤቷን እየዞረ ሲያሸት ካደረ በድንጋጤ ብቻ ሞታ ልትገኝ ትችላለች።

ጎንደር ብርዷ አይጎዳትም፣ ደረቅ ጭድ ካላት። የሚጎዳት በጋው ነው። መጋቢትና ሚያዝያ እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ቆርቆሮ ሥር ያለች ጥንቸል ላብ የምታወጣበት ስለሌላት ተዘርግታ በአፏ ትተነፍሳለች፤ ያ የመጨረሻ ምልክት ነው። ቆርቆሮው ላይ ሣር መደልደልና ጥላ ወዳለበት ማዛወር ከዚያ በፊት የሚሠራ ነው። የከሰልና የዕጣን ጭስም ስስ የሆነውን ሳንባዋን ይጎዳል፤ ቡና ሲፈላ ከዚያ ክፍል ትውጣ።

ሕመም

ጥንቸል ማስመለስ አትችልም። 12 ሰዓት ሙሉ ካልበላች ወይም በጠጥ ካልጣለች አንጀቷ ቆሟል፤ «ነገ ይሻላታል» የሚባልበት ጊዜ አይደለም፣ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ነው። በክረምት ኩስ የለጠፈባት ጥንቸል ላይ ዝንብ እንቁላል ትጥላለች፤ በአንድ ቀን ውስጥ ትል ሆኖ ሥጋዋን መብላት ይጀምራል። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ጅራቷ ሥር ጠዋትና ማታ ይታያል።

ትልቁ የቤት ውስጥ ስህተት የሰው መድኃኒት ነው። አሞክሳሲሊን ወይም አምፒሲሊን በአፍ የተሰጣት ጥንቸል የአንጀቷ ጠቃሚ ባክቴሪያ አልቆ በቀናት ውስጥ ትሞታለች፤ ሳሎን መሳቢያ ውስጥ የተረፈ ካፕሱል ለእሷ መርዝ ነው። ለውሻ ቁንጫ የሚረጨው ፊፕሮኒልም እንዲሁ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞችን የሚያሠለጥን ኮሌጅ ስላለው ከተማው ባለሙያ አያጣም፤ የአብዛኛው የዕለት ሥራ ከብት፣ በግና ፍየል በመሆኑ ግን ከመግዛት በፊት ጥንቸል የሚያይ ማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ወደ ልጅ የሚተላለፉት ጭርትና እከክ ናቸው፤ የጥንቸሏ ፀጉር ክብ ሆኖ ከተመለጠ ልጁም ይታይ። ከነካት በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል።

መራባት

በሐምሌ የሁለት ወር ሆነው የተገዙ ወንድና ሴት በጥቅምት ለመውለድ ይደርሳሉ፣ በኅዳር ይወልዳሉ። እርግዝናው 31 ቀን ገደማ ሲሆን በአንድ ጊዜ ከአራት እስከ ስምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወለዳሉ። እናቲቱ በወለደችበት ዕለት እንደገና ልትፀንስ ትችላለች። ልጆቿን በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ታጠባለች፤ ይህን የማያውቅ ልጅ «ጣለቻቸው» ብሎ የላም ወተት ይግታል፣ ግልገሎቹም ይታነቃሉ። ወንዱ 10 ሳምንት ሲሞላው መለየት አለበት። ሁለት ወንዶች አብረው ከቆዩ ብልት እስኪቆራረጡ ይጣላሉ።

እዚህ ላይ የጎንደር ነገር ከሌላው ይለያል። ለልጅ የተገዛ ዶሮ ወይም ጠቦት ሲበዛ መድረሻው ይታወቃል። ጥንቸል ግን በዘሌዋውያን 11፥6 ከማይበሉት ተቆጥራለችና የኦርቶዶክስ ቤት አይበላትም። በሙስሊሙ ጎረቤት ዘንድ ሥጋዋ የተፈቀደ ቢሆንም ልጅ ያሳደጋትን አሳልፎ መስጠት ቀላል አይደለም። የተትረፈረፉት ግልገሎች ያለ እናታቸው በካርቶን እንደገና ለሽያጭ ይወጣሉ፣ ከላይ የተጻፈው ሁሉ ከመጀመሪያው ይደገማል።

የሌላ አገር ሕግ

በእንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. የ2006 የእንስሳት ደኅንነት ሕግ 16 ዓመት ላልሞላው ልጅ እንስሳ መሸጥን ይከለክላል፤ ለልጁ እንስሳም ተጠያቂው አሳዳጊው ነው። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንስሳት መሸጫ ሱቆች መሸጥ ይችሉ የነበረው ከመጠለያ የመጣችን ጥንቸል ብቻ ነበር፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ጨርሶ መሸጥ አይችሉም።

ማስተላለፍ ሲያስፈልግ

መስከረም ላይ ትምህርት ተከፍቶ፣ የክረምቱ ፍቅር በርዶ፣ ጥንቸሏ የማንም ሥራ ያልሆነችበት ቤት ካለ ወደ አንገረብ ወንዝ ዳር ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን ደን ወስዶ መልቀቅ ማዳን አይደለም። የቤት ጥንቸል ከውሻ መሸሸጊያ አታውቅም፣ የመጀመሪያዋን ሌሊት እንኳ ላታልፍ ትችላለች። ቦታና ጊዜ ላለው አዋቂ ሲሰጧት የለመደችውን ድርቆሽ አንድ ጆንያ፣ የምትጠጣበትን ሳህንና ጠረኗ ያለበትን ጥቂት ጭድ አብሮ መላክ ነው፤ አዲሱ ምግብ ከአሮጌው ጋር እየተቀላቀለ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ይተካል።