ዘረ መል የጎደላቸው አይጦችና የተወለደ ሕፃን የመጀመሪያ ሰዓታት
በሐረር ከተማና በምሥራቅ ሐረርጌዋ ቀርሳ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚሳተፍበት ቻምፕስ የተባለ ዓለም አቀፍ ጥናት የሕፃናትን ሞት የሚመረምረው ከመጨረሻው ተነሥቶ ነው። ቤተሰብ ከፈቀደ፣ ከሞተው ሕፃን ሳንባ፣ ጉበትና አንጎል በመርፌ ናሙና ይወሰድና መንስኤው ወደ ኋላ ይፈለጋል። በቤተ ሙከራ አይጥ የሚደረገው ጥናት ግን ከሌላው ጫፍ ይነሣል። መንስኤውን ተመራማሪው ራሱ ፈጥሮታል፤ አንድ ዘረ መል ሆን ብሎ አጥፍቷል። የሚጠበቀው ውጤቱ ነው።

ለዚህ ዘዴ ማሪዮ ካፔኪ፣ ማርቲን ኢቫንስና ኦሊቨር ስሚቲስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ከአይጥ ሽል በተገኘ ግንደ ሕዋስ (ወደ ማንኛውም የሰውነት ክፍል ማደግ በሚችል ሕዋስ) ውስጥ ጤነኛው ዘረ መል በተበላሸ ቅጂ ይተካል፤ ሕዋሱም ወደ ሌላ ሽል ይገባል። ከዚያ በኋላ ያለው እርባታ ነው። አንድ አንድ የተበላሸ ቅጂ የያዙ ወንድና ሴት ሲዳቀሉ፣ በአማካይ ከ4 ልጆች አንዱ ዘረ መሉን ጨርሶ ያጣል። እነዚህ በድርሻቸው ልክ ተወልደው በማግስቱ ከሌሉ፣ ዘረ መሉ ያስፈለገው ለመወለድ ሳይሆን ተወልዶ ለመኖር ነው። ቆጠራው ታዲያ ጊዜ አይሰጥም፤ እናት አይጥ የሞተ ልጇን ስለምትበላ ያረፈደ ተመራማሪ ማስረጃውን አያገኘውም።

አዲስ የተወለደ አይጥ ቆዳው ፀጉር አልባና ስስ ነው። የጠባው ወተት በሆዱ ግራ በኩል ነጭ ሆኖ ይታያል። ነጩ ከሌለ አልጠባም፤ ሰውነቱ ከጠቆረ በቂ ኦክስጅን አላገኘም።

ጥናቱ የሚበረታው ሌሎች ዘረ መሎችን በሚያዙ ዘረ መሎች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሲኢቢፒ አልፋ የተባለውን ያጡ አይጦች ጉበታቸው ስኳር ማከማቸት አቅቶት፣ እትብት የሚያመጣው ስኳር ሲቋረጥ በሰዓታት ውስጥ ሞቱ። በዚያው ዓመት የወጣው የሲአርኤች ጥናት ይበልጥ ይገርማል፤ ሲአርኤች ሳንባን የሚያደርሰው የኮርቲሶል ዓይነት ሆርሞን እንዲመነጭ የሚያደርግ ዘረ መል ነው። ይህን ዘረ መል እናትም ልጅም ሲያጡት ልጆቹ ሳንባቸው ሳይደርስ ተወልደው ይሞታሉ፤ እናቲቱ ካላት ግን የእሷ ሆርሞን ለፅንሱ ይተርፋል። ለነፍሰ ጡሯ አይጥ ሆርሞኑ ሲሰጥም ልጆቹ ዳኑ።

ያለ ጊዜዋ ልትወልድ ለተቃረበች እናት በሐኪም የሚታዘዘው ዴክሳሜታዞን የተባለ፣ ይህን ሆርሞን የሚመስል መድኃኒት መሠረቱ ይኸው ነው፤ ሕክምናውን ግን ሊጊንስና ሃዊ የተባሉ ሐኪሞች በተመሳሳዩ መድኃኒት በቤታሜታዞን እ.ኤ.አ. በ1972 ስላሳዩ ከአይጧ ይቀድማል። በሕይወት ፋና ሆስፒታል ለሚሠለጥን የሐረር ሐኪም የአይጧ ጥቅም፣ በእኔ እይታ፣ ምክንያቱን ማስረዳቷ ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ብዙውን ጊዜ ዘረ መል አልጎደለውም፤ ሳንባውንና ጉበቱን የሚያዘጋጁት ዘረ መሎች ሥራቸውን ሳይጨርሱ ተወልዷል። የጉበቱ ስንቅም አነስተኛ ስለሆነ እንገሩ መዘግየት የለበትም።

አይጥ ሰው አይደለችም። በ20 ቀን ገደማ ስለምትወለድ የሳንባዋ የአየር ከረጢቶች በአብዛኛው የሚሠሩት ከልደት በኋላ ነው። አንድ ዘረ መል በሁለት የአይጥ ዝርያዎች ላይ ጠፍቶ ውጤቱ የሚለያይበት ጊዜም አለ። አሁን ዘረ መሉን ከጉበት ወይም ከሳንባ ብቻ ለይቶ ማጥፋት ስለሚቻል፣ ሞቱን ያመጣው የትኛው አካል እንደሆነ መለየት ይቻላል።